ከኔፕልስ አመድ እስከ ፒፒሲ፦ የማዕድን ተጨማሪዎች በሲሚንቶ ታሪክ ውስጥ



በግንባታ ታሪክ ውስጥ ተግባር ከማብራሪያ እጅግ ቀድሞ ከተገኘባቸው ጉዳዮች አንዱ የማዕድን ተጨማሪዎች ጉዳይ ነው። ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት፣ በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ በውሃ ውስጥ ሳይቀር እንደሚጠነክር ጽፏል። ይኸው አመድ በመርከብ ተጓጉዞ ሄሮድስ በቂሳርያ ላሠራው ወደብ ውሏል። ቪትሩቪየስ ግን ምክንያቱን የፈለገው በእሳትና በውሃ ባሕርይ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ስሚተንም በ1759 እ.ኤ.አ. ላጠናቀቀው የኤዲስቶን የባሕር መብራት ማማ ኖራንና የጣሊያንን አመድ ያዋሐደው በሙከራ እየተመራ ነው።

ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻተልዬ በ1887 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የሲሚንቶን ማዕድናት በማይክሮስኮፕ መርምሮ ለየ። ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት ጥናቶች የሊጡ ውስጣዊ መዋቅር ቀስ በቀስ ተገለጠ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ጥንካሬ ከሚሰጠው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ጋር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድም ይፈጠራል። ይህ ሁለተኛው ውጤት ከሊጡ ጠጣር ክፍል ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ለጥንካሬ የሚያበረክተው ጥቂት ነው፤ በውሃም ይሟሟል። የአመዱ ሲሊካ ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ሃይድሬት ያስገኛል። በዚህም ትልልቆቹ ቀዳዳዎች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ውሃና ጨው የሚዘልቁበት መንገድም ይዘጋጋል።

ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ አዝጋሚ ነው፤ እርጥበትም ይሻል። ታሪኩ እኛን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ከስምጥ ሸለቋችን የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገባበት ነው። ጥንካሬውን በ28ኛው ቀን ውጤት ብቻ ከመዘንነው ሥራውን ሳይጨርስ እንፈርድበታለን። ውሃ ማጠጣቱ ቀድሞ ከተቋረጠ ደግሞ ውሕደቱ ይገታል፤ የሚቀረንም ቀዳዳ የበዛበት ሊጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ሲሚንቶው ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የአያያዙ ነው።

ስለዚህ በቤተ ሙከራችን የ90ኛውን ቀን ውጤት ከ28ኛው ጎን እንመዝግብ፤ በግንባታ ቦታም የማጠጫውን ጊዜ እናስከብር። የቂሳርያ ግንበኞች ኬሚስትሪውን አላወቁም፤ አመዳቸውን ግን ባሕሩ ራሱ እርጥበት አልነፈገውም። እኛ ምክንያቱን እያወቅን ውሃውን ብንነፍገው የምናቀርበው ሰበብ አይኖረንም።