የኩታበር ወረዳ ትምህርት

ኩታበር በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ ዞን፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ወረዳውም በስሟ ይጠራል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከዞን ትምህርት መምሪያና ከክልሉ ትምህርት ቢሮ መመሪያ ይቀበላል፤ መምህር መቅጠርና ደመወዝ መክፈል ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ በወረዳው ትከሻ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። አብዛኛውን በጀት ደመወዝ ስለሚወስደው፣ እንደ ሌሎቹ የወሎ ወረዳዎች ሁሉ፣ የመማሪያ ክፍል ግንባታው በአርሶ አደሩ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ካልታወቀ የትምህርቱ ነገር አይገባም። ወረዳው ከውርጭማ ደጋ ተነሥቶ ወደ ገደላማው የበሽሎ ተፋሰስ ይወርዳል፤ ወደ ዓባይ የሚገባው በሽሎ የሚመነጨውም ከኩታበር በስተ ምዕራብ ነው። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል፣ የበልግን ዝናብ ይጠብቃል። በልግ ሲከዳ መጀመሪያ የሚሳሳው የክፍሉ ወንበር ነው፤ ልጁ ከብት ይነዳል፣ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ይሰደዳል። የ1965/66 እና የ1977 ረኃብ ወሎን እንዴት እንደመታ የታወቀ ነው። ወረዳው በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ መሆኑም የምግብ ክፍተቱ የአንድ ዘመን ጉዳይ እንዳልነበረ ያሳያል። ፕሮግራሙ ቤተሰቡ ጥሪቱን ሸጦ እንዳይሰደድ ረድቷል። ይሁንና እናትና አባት ለፕሮግራሙ እርከን ሲሠሩ ቤቱና ከብቱ ለልጅ ይቀራል፤ ይህን የመምህሩ የስም መቆጣጠሪያ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

አገሩ ለመማር እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ አካሂደውበታል። በዚያው በቦሩ ሥላሴ ያስተማሩት የመምህር አካለ ወልድ ስም ዛሬ ደሴ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት መጠሪያ ሆኗል። በሌላ በኩል ወሎ የደረሳ አገር ነው፤ ቁርኣን የሚቀራበትና ኪታብ የሚተረጎምበት ቤት በየመንደሩ ነበረ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ገጥሞታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ሲደነግግም እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ ነገሩ ከወረቀት በላይ ትርጉም ነበረው።

ለገጠሩ ትምህርት ከተሰጡት እውቅናዎች ትልቁ የወረዳው ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ጎልማሳው ከእርሻው፣ እናቶች ከጓዳቸው ወጥተው ፊደል ቆጠሩ፤ ኢትዮጵያም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ተቀበለች። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ልጁን ወደ ክፍል ለመላክ የሚያደርገው ክርክር ስለሚያጥር፣ የዘመቻው ዋና ውጤት በቀጣዩ ትውልድ ላይ የታየ ይመስላል።

የተማሪ ቁጥር ግን የፈነዳው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀረ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ቀበሌው ቀረበ። በአገር ደረጃ በ1989 የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ 35 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2001 ከ90 በመቶ አልፏል። መደበኛ ትምህርት ቤት ላልደረሰባቸው መንደሮች የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ተከፈተ፤ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ፣ አንዳንዴ ጣሪያው ዳስ የሆነ። በ10+1፣ ማለትም ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ የሠለጠኑ ወጣት መምህራን እንዲህ ባሉ ጣቢያዎችና በጀማሪ ክፍሎች አገልግለዋል። የሪፖርቱ ቁጥር እያማረ ሲሄድ፣ በፈረቃ በታጨቀው ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ማንበብ መቻል አለመቻሉ ሳይጠየቅ ብዙ ዓመት አለፈ።

ከ2006 ጀምሮ ጥያቄውን የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን አነሣው። ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናል፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ተይዞ ከደረጃ 1 እስከ 4 ይመደባል። የኢንስፔክሽን ደረጃ፣ በየዓመቱ የትምህርት ጉባኤ ላይ ከሚታደለው ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይልቅ፣ ትምህርት ቤትን የሚያስከብር እውቅና መሆን ይገባው ነበር። ችግሩ ውኃ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ የሌለው የገደል አፋፍ ትምህርት ቤት መምህሩ የቱንም ያህል ቢተጋ በግብዓት ብቻ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ከ47 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ትምህርት ቤቶች መካከል ደረጃ 4 የደረሱት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በዚህ ሚዛን የገጠር ወረዳ ማነሱ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። ሕዝቡን ለግንባታና ለጥገና የሚያስተባብረው የ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ከዚህ የመነጨ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ፣ የ2014 ተፈታኞች ከሆኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃ ሲዘጋ የተገለጠው ከሥር የተከማቸው ጉድለት ነው፤ የ2014ቱን ፈተና ካስፈተኑ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 የሚበልጡት አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ደሴ ላይ ያለው ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ጎበዞችን በፈተና መርጦ ይወስዳል። ለተመረጠው ልጅ ዕድል ነው። የቀረው ክፍል ግን የሚጠይቅና ጓደኞቹን የሚያስረዳ ልጅ ያጣል፣ ትምህርት ቤቱም ስሙን የሚያስጠራለትን።

ፍትሐዊነትን በተመለከተ ብዙ የሚባለው ስለ ሴቶች ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ግን የሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ጋር ተቀራርቧል፣ እንዲያውም በደጋው እረኝነት የሚያስቀረው ወንዱን ነው። ገደሉ ያለው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥቂት ቦታ ስለሚገኝ የሩቅ ቀበሌ ተማሪ ከተማ ላይ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ። ዓርብ ወደ ቤት ይወጣሉ፤ እሑድ ከሰዓት እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ወንዱ ቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ሴቷ በረኃቡ ላይ ማታ የሚያንኳኳ ሰው ይጨመርባታል። አባት ልጁን ከዚህ ይልቅ ለመዳር ሲመርጥ፣ በክልሉ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ወደ ዐረብ አገር የሚወስደው የስደት መንገድም አለ። በኅዳር 2006 የተጀመረው የሳውዲ ማባረር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ሲመልስ ወሎ ከተመላሾቹ ብዙዎቹን ተቀብሏል፤ ጥቂት ቆይቶም ተጓዡ እንደገና ተነሣ።

ትምህርት ቤቶች የሴቶች ክበብ፣ የተለየ መጸዳጃ፣ ሞዴስና ማጠናከሪያ ትምህርት ያቀርባሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ የስንቁንና የኪራዩን ጉዳይ ግን አይነኩም፣ ስለዚህ የሴቶች ማደሪያ መሥራት ከክበቡ ሁሉ በላይ የሚለውጥ ይሆን ነበር። የአካል ጉዳተኞች አካቶ ትምህርት ከሁሉም ኋላ የቀረ ነው፤ የምልክት ቋንቋና ብሬይል የሚያውቅ መምህር በገጠር ብርቅ ነው።

የተሳትፎው ዕድገት የተሰበረው በተከታታይ ነው። መጋቢት 2012 ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ኩታበርን ከባድ ውጊያ የተካሄደባት ግንባር አደረጋት፤ ደሴም እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች። ወንበሩ፣ መጽሐፉና የተማሪ መዝገቡ በጦርነቱ ያለቀበት ትምህርት ቤት በክልሉ ብዙ ነበር። ነገሩ ሊጠገን ሲል በ2015 ክረምት ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በ2017 ክልሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለመመዝገብ ቢያቅድም የተመዘገበው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ከዚህ በኋላ የሚመለሰው ልጅ ዕድሜው ከክፍሉ አልፎ ስለሚመጣ፣ ከትናንሾች ጎን ማስቀመጡ ወይም የተጣደፈ ትምህርት ማዘጋጀቱ ለየርእሰ መምህሩ የተተወ ውሳኔ ሆኗል።