ዝናቡን ማን ጻፈው? ከሮዳ ደሴት እስከ ሀይሌ ጋርመንት በረንዳ

ስልካችሁን አውጡና የአዲስ አበባን የአየር ሁኔታ ፈልጉ። አንድ ቁጥር ይመጣላችኋል፤ 19 ዲግሪ ወይም 22 ይላል። ግን ይህ ቁጥር የየትኛው አዲስ አበባ ነው? እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ወደ አቃቂ ስትወርዱ ደግሞ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ይሆናል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ጋቢ ሲደርብ ሌላው በቲሸርት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ዝናቡማ ይብሳል። ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው በዝናብ ሲበሰብስ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ አስፋልቱ ደረቅ የሚሆንበት ቀን አለ።

ለዚህ ነው አንዳንድ ሰዎች ለቤታቸው የራሳቸውን ገመድ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ የሚገዙት። ዕቃው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ውጭ የሚሰቀለው ሴንሰር ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና ዝናብ ይለካል። ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ስክሪን ነው፤ ሴንሰሩ የላከውን በሬዲዮ ሞገድ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ በረንዳ ላይ ልትሰቅሉ ነው እንበል። ከመስቀላችሁ በፊት ግን ከእናንተ በፊት የዚህን አገር ዝናብ ለመለካት የሞከሩትን ሰዎች ታሪክ ስሙ። ታሪኩ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ደብተሩ ነው።

የዝናባችን አሮጌው ደብተር ካይሮ ነው

የኢትዮጵያን ክረምት ከሁሉም በፊት በተከታታይ የመዘገቡት ዝናቡን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ የአባይን ከፍታ የሚለካ ምልክት የተቀረጸበት ዓምድ አለ። አሁን የሚታየው በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራው ነው፤ የከፍታ መዝገቡ ግን ወደ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደናል። የሚለኩት ግብር ለመወሰን ነበር። ውሃው ከፍ ካለ እርሻው ይጠጣል፣ ገበሬው ይከፍላል። ያ በየበጋቸው የሚደርሰው ሙላት ደግሞ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የሚወርድ የክረምት ዝናብ ነው። እነሱ ወንዙን ሲጽፉ፣ ሳያውቁት የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ጻፉልን።

አገር ውስጥ በመሣሪያ የተለካ መዝገብ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር ይዞ ነበር። የየቀኑን የአየር ግፊት፣ ሙቀትና የዝናብ መጠን መዝግቦ በኋላ በመጽሐፉ አሳተመው። ከእሱ በኋላ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. አገሩን የዞረው አንቷን ዳባዲ ደግሞ የተራራን ከፍታ የሚለካው ውሃ አፍልቶ ነበር። እንዴት ቢሉ፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከላያችሁ ያለው አየር ይቀንሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባህር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈልገው ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ሽሮው እዚህ ለምን እንደሚቆይ አሁን ገባችሁ?

ብሩስም ዳባዲም ግን መንገደኞች ነበሩ። ሲሄዱ መዝገቡም አብሯቸው ሄደ። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ አገሩን ሲመታ፣ ዝናቡ ስንት ሚሊሜትር እንደቀነሰ ከደጋው የተከታተለ መዝገብ የለንም። ከብቱ በበሽታ ማለቁን፣ ሰማዩ መንፈጉን ሰው ለልጁ ነግሯል። በቁጥር የቀረው ምስክር ግን አሁንም ግብፅ ውስጥ ነው፤ በ1888 እ.ኤ.አ. የአባይ ሙላት በጣም ዝቅ ብሎ ተመዝግቧል።

አዲስ አበባ መለካት ስትጀምር

የአዲስ አበባ የዝናብ መዝገብ የሚጀምረው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። ከአድዋ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከተማዋ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። መዝገቡ መሃል መሃል ላይ ክፍተት አለው፤ ቢሆንም ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ስለሆነ እንደ ቅርስ የሚታይ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. በሲቪል አቪዬሽን ሥር የሚቲዎሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ነፋሱንና የአየር ግፊቱን ማወቅ አለበት። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምንለው እሱ ነው።

ያ ሁሉ ጽሕፈት ምን ጠቀመ? በ2004 እ.ኤ.አ. ዴክላን ኮንዌይ፣ ኮሊን ሞልድና ወልደአምላክ በውቀት የአዲስ አበባን የመቶ ዓመት መዝገብ መርምረው አሳተሙ። ዓመታዊው ዝናብ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ ግልጽ የመጨመር ወይም የመቀነስ አዝማሚያ አላሳየም። ሙቀቱ ግን ከ1951 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ጨምሯል፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.2 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 0.4 ዲግሪ። ሌሊቱ ከቀኑ በእጥፍ ፍጥነት ሞቀ ማለት ነው።

ለምን ሌሊቱ? አንዱ ተጠርጣሪ ከተማው ራሱ ነው። ኮንክሪትና አስፋልት ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያሉ ይለቁታል። ሌላው ተጠርጣሪ የዓለም ሙቀት መጨመር ነው። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ለመለየት መለኪያው መሃል ከተማ ብቻ መሆን የለበትም፤ ዳር ላይም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ሀይሌ ጋርመንት የሚመጣው። በደቡብ በኩል ያለው ይህ ዳርቻ ከእርሻና ከሜዳ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሰፊ አስፋልት የተለወጠው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከለውጡ በፊት አንድ ሰው በየማለዳው ቴርሞሜትር እያየ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወርቅ ነበር። ያለፈ ሌሊትን ተመልሶ መለካት አይቻልም። የሚቀጥሉትን ሃያ ዓመታት ግን ይቻላል።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት አዛውንቶች

አሁን ካርቶኑን ክፈቱት። ዕቃው አዲስ ይመስላል እንጂ ውስጡ በአዛውንት ሐሳቦች የተሞላ ነው።

እየተገለበጠ ዝናብ የሚቆጥረው ትንሽ ማንኪያ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ሬንና ሮበርት ሁክ ከሠሩት ዘዴ የወረደ ነው። በብዙ የቤት መለኪያዎች ላይ አንድ ግልበጣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይቆጠራል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 18 ሚሊሜትር ከዘነበ፣ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 720 ሊትር ወረደ ማለት ነው። በነፋስ የሚሽከረከሩት ጽዋዎች የአየርላንዳዊው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን ናቸው፤ ዓመቱ 1846 እ.ኤ.አ.። ቴርሞሜትሩን ከፀሐይ የሚከልለው ነጭ ባለ ክፍተት ቤት ደግሞ የመብራት ቤቶች መሐንዲስ የነበረው የቶማስ ስቲቨንሰን ነው፤ 1864 እ.ኤ.አ.። ገመድ አልባነቱስ? በ1929 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሮበርት ቢዩሮ፣ በ1930 ሩሲያዊው ፓቬል ሞልቻኖቭ በፊኛ የሚወጣ መለኪያ ከሰማይ በሬዲዮ መልእክት እንዲልክ አደረጉ። የእናንተ በረንዳ ላይ ያለው ሴንሰር የዚያ ፊኛ የልጅ ልጅ ነው።

አራትና አሥር ሰዓት

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ስክሪኖች ፀሐይ፣ ደመና ወይም ዝናብ እየሳሉ ይተነብያሉ። ሥዕሉ የሚመጣው ከአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ «ሊዘንብ ነው» ይላል። ይህ ደንብ የተሠራው እንደ አውሮፓ ላሉ አገሮች ነው። እኛ ጋ አይሠራም ማለት ይቻላል።

በምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በዝናብ ብዙም አይናወጥም። ይልቅ ፀሐይ ከላይ ያለውን አየር ስለምታሞቀው በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ባህር ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ፤ ማታ 4 ሰዓት ከፍ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ዝቅ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለማስታወስ እንዴት እንደሚመች አያችሁ? አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከ200 ዓመት በፊት በደቡብ አሜሪካ ይህን አይቶ ባሮሜትሩን እንደ ሰዓት መጠቀም እንደሚቻል ጽፏል። ስለዚህ ስክሪናችሁ በጠራራ ፀሐይ፣ በጥር፣ 9 ሰዓት ላይ ደመና ቢስል አትደንግጡ፤ ሞገዱን ነው ያየው። ሥዕሉን ተዉት፣ ቁጥሩን ግን ጻፉ። እዚህ ከፍታ ላይ ቁጥሩ 780 ሄክቶፓስካል አካባቢ ቢሆን ዕቃው ተበላሽቷል አትበሉ። 1,013 የባህር ጠለል ቁጥር ነው።

አሰቃቀሉ

ሴንሰሩን ከቆርቆሮና ከግድግዳ አርቁት። ቀን የጋለ ግድግዳ ሌሊቱን ሁሉ ይዋሻችኋል። በረንዳ ብቻ ካላችሁ ወደ ውጭ በወጣ ዘንግ ላይ ይሁን፤ ዝናቡ ግን በላይኛው ፎቅ እንደሚጋረድ እወቁ። ጣሪያ ወይም ግቢ ከተፈቀደላችሁ የዝናቡን ክፍል እዚያ አድርጉት። ሲገዙም ጥንቃቄ አለ፤ ከአሜሪካ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በ915፣ ከሌላ ቦታ የሚመጡት በ433 ወይም በ868 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ዘመድ ከሁለት አገር ያመጣቸው ሴንሰርና ስክሪን ላይሰማሙ ይችላሉ። ብረት የበዛበት ኮንክሪትም ሞገዱን ያደክማል፤ ስክሪኑን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት።

ዕቃውን ደግሞ ፈትኑት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ሃይላንድ አንገቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ክተቱበት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምራችሁ እስከ አንድ መስመር ውሃ ሙሉት፤ ከመስመሩ በላይ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለኩ። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የሚገለባበጠው ማንኪያ የተወሰነውን ውሃ ያመልጠዋል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ሲቀልጥ ነው የሚቆጥረው። ሃይላንዱ ያጋልጠዋል።

ደብተሩ

በ1860 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ሳይመንስ የሚባል ወጣት ቤታቸው ዝናብ ከሚለኩ ሰዎች መዝገብ መሰብሰብ ጀመረ። በ1900 ሲሞት ከ3,000 በላይ ሰዎች ይልኩለት ነበር። ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች አልነበሩም፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።

ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የወረደው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ላይ ነበር። ተኝቶ የነበረ ሰው ላይ የሆነውን የሚነግረው አልነበረም። ላይ የዘነበውን ወዲያው ታች ላለው በሬዲዮ መንገር፣ በረንዳችሁ ላይ ያለው ትንሽ ዕቃ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የርቀት ነው።

እንግዲህ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቦታውን፣ ሴንሰሩ ከመሬት ስንት ሜትር እንደሆነና ዙሪያውን ምን እንዳለ ጻፉ። ባነሳችሁት ቀን መነሳቱን፣ ጎረቤት ፎቅ ሲጀምር መጀመሩን ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የአየር ለውጥንና የቦታ ለውጥን መለየት አይችልም። መረጃው ስክሪኑ ላይ ወይም ኢንተርኔት ላይ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ባትሪ ያልቃል፣ ኩባንያ ይዘጋል።

የመጀመሪያ ምርምር ከፈለጋችሁ ደግሞ ይኸውላችሁ። «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» ይባላል። ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 13 የዘነበውን ደምሩ፤ ከነሐሴ 14 እስከ መስከረም 30 የዘነበውንም ደምሩ። አባባሉ ለሀይሌ ጋርመንት እውነት ይሁን አይሁን ዛሬ የሚመልስላችሁ መጽሐፍ የለም። የአምስት ክረምት ደብተር ያለው ሰው ግን ይመልሳል።