የአረጋውያን እንቅልፍ

ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሌሊት ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ሰው ሲያረጅ እንቅልፍ አያስፈልገውም የሚለው የተለመደ አባባል ስህተት ነው፤ የሚለወጠው የእንቅልፉ ጠባይ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ ያንሳል፣ መባነን ይበዛል፣ የሰውነት የውስጥ ሰዓትም ስለሚቀድም አረጋውያን በጊዜ ይደክማቸውና ዶሮ ሳይጮህ ይነቃሉ።

ይህን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚገራው የቀን ብርሃን ነው። ከቤት ወጥቶ በእግር መንሸራሸር፣ በየዕለቱም በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት ሌሊቱን ያረጋጋል። የቀን ሸለብታ ከ30 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

ቡና የተለየ ትኩረት ይሻል። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦልና ቶና የጠጡ እናት ምሽት 3 ሰዓት ላይ ጋደም ሲሉ ግማሹ ገና በደማቸው ውስጥ ነው። ቡናውን ጠዋት ማፍላት የጎረቤት ጨዋታውን ሳያስቀር ችግሩን ያቃልላል።

20 ደቂቃ ያህል ተኝቶ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ከአልጋ ወርዶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥና ሲያንጎላጅ መመለስ ይሻላል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ቢያስተካክሉ የሌሊት መነሣት ይቀንስላቸዋል። የእንቅልፍ ክኒን ግን በዚህ ዕድሜ ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ስለሚያጋልጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ትንፋሽ እየቆራረጠ የሚያንኮራፋ ሰውም መመርመር አለበት።