ዩራኒየም ኦክሳይድ፣ በቀለጠ ጨው ውስጥ የሚነጠር

በቀለጠ ጨው ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚነጠር ዩራኒየም ኦክሳይድ ለአቶም ሬአክተር ነዳጅ የሚሆን፣ መልኩ ወደ ጥቁርነት ያደላ ክቡድ ውሑድ ሲሆን፣ ይህን ጥበብ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ለሥራ ካበቁት ዋነኛው በሩሲያ፣ በኡልያኖቭስክ ክፍለ ሀገር፣ በዲሚትሮቭግራድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተው የአቶም ሬአክተሮች ምርምር ተቋም ነው።

የሥራው መሠረት የሆነው ጨው ለብቸናና ለሞጣ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከአፋር በረሓ ተጠርቦ፣ በአሞሌነት በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነውና። ብቻውን ቢሆን 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ከፖታሲየም ክሎራይድ ጋር እኩል ሲቀላቀል ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ፈሳሽ ላይ የዩራኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ተጨምሮ የክሎሪን ጋዝ ሲነፋበት፣ ዱቄቱ ወደ ዩራኒል ክሎራይድ ተለውጦ ይሟሟል፤ ከዚያም ኮረንቲ ሲተላለፍበት ክሎሪኑ በአዎንታዊው ዋልታ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ በአሉታዊው ዋልታ ላይ ደግሞ ኦክሳይዱ በክሪስታል መልክ ይከማቻል።

ሊደነቅ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። አሉሚኒየም እ.ኤ.አ. በ1886 በተገኘው ተመሳሳይ ዘዴ ሲነጠር ኦክሲጅኑን ጥሎ ንጹሕ ብረት ሆኖ ይወጣል፤ ዩራኒየም ግን ከሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ጋር ያለውን ተዋሕዶ ሳያፈርስ ሁለት ኤሌክትሮኖችን ተቀብሎ ስለሚወርድ፣ ለነዳጅነት የሚፈለገው ኦክሳይድ በቀጥታ ይገኛል፤ የተለቀቀውም ክሎሪን ሌላ ዱቄት ለማሟሟት ሊመለስ ይችላል።

ክሪስታሉ ተሰብሮ፣ ከጨው ተለይቶና በየመጠኑ ተነፍቶ፣ በብረት ቱቦ ውስጥ በንዝረት ይጠቀጠቃል። በተለመደው መንገድ ግን ዱቄቱ እንደ ክኒን ተጨምቆ በ1700 ዲግሪ አካባቢ መተኮስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው ቦር-60 የተባለው ሬአክተር በዚህ በንዝረት በተጠቀጠቀ ነዳጅ ለብዙ ዘመን ሠርቷል።

የቀለጠ ጨው፣ በውኃ ላይ በተመሠረተው የማንጠር ዘዴ ከሚያገለግሉት ካርቦናዊ ማሟሟቻዎች በተለየ፣ ጨረር አያበላሸውም፤ ስለዚህ ያገለገለ ነዳጅን መልሶ ለማንጠርም ይመረጣል። ሆኖም ትኩስ ክሎሪን ብረትን ስለሚበላ፣ የማቅለጫው ዕቃ ከልዩ ግራፋይት ይሠራል፤ እርጥበትም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ የሩሲያ መንግሥት የአቶም ኃይል ኮርፖሬሽን ከሆነው ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ፈርማለች። የዲሚትሮቭግራዱ ተቋም የሚተዳደረውም በዚሁ በሮሳቶም ሥር ነው።