«ተቻችለው ኖረዋል» ከማለታችን በፊት፦ የጎንደር ሃይማኖቶችና የልምምድ ተማሪዎቻችን ጥናት



ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ የተመደቡልን ዘጠኝ ተማሪዎች የጎንደርን የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ታሪክ ለማጥናት ወደ ከተማዋ ሰፈሮች ወጥተው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ረቂቅ ሲያስረክቡኝ ዘጠኙም «በጎንደር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለዘመናት ተቻችለው ኖረዋል» በሚል ዐረፍተ ነገር ወይም በአምሳያው መጀመራቸውን አየሁ። ልወቅሳቸው ተነሣሁና አፈርሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ የእኔው ነበር። ከዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት የመማሪያ ጽሑፍ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የዛሬው ንግግሬ ያ ዐረፍተ ነገር ለምን እንደማይበቃና ተማሪዎቹ በምን እንደተኩት የሚያስረዳ ነው።

ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ጉድለቱ ሰዎች በምን ብልሃት አብረው እንደኖሩ አለመናገሩ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚችው ከተማ በሙስሊሞች የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተቀሰቀሰው ጥቃት የብዙ ሰው ሕይወት ሲቀጥፍ፣ ያ ዐረፍተ ነገር የሚያስረዳው ነገር አልነበረውም። መቻቻልን እንደ ተፈጥሮ ጸጋ የሚቆጥር ታሪክ፣ መቻቻሉ ሲሰበር ቃል ያጥረዋል።

እንዲህ ያለውን ጥናት ለተማሪ መስጠት በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዳያና ኤክ እ.ኤ.አ. በ1991 የመሠረቱት የፕሉራሊዝም ፕሮጀክት፣ ተማሪዎች በየትውልድ ከተማቸው ያሉትን መስጊዶች፣ ቤተ መቅደሶችና ሌሎች የአምልኮ ስፍራዎች እንዲያጠኑ ያሰማራ ነበር። የዚያ ጥናት ዐቢይ ጥያቄ ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ የአሜሪካ ከተሞች የሃይማኖት ገጽታ እንዴት ተለወጠ የሚል ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። በጎንደር «አዲስ ማን መጣ?» ብለን አንጀምርም፤ ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ጊዜ አንሥቶ ልዩ ልዩ አማንያን ነበሩባትና።

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው፣ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የካቶሊክ እምነት ሽረው፣ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን አባረዋል። ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚህ በኋላ ነው። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ባደረጉት ጉባኤ ደግሞ ፈረንጆች ወደ ኦርቶዶክስ እምነት እንዲገቡ ወይም ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1678 ተመሳሳይ ትእዛዝ እንደገና ወጣ።

ተማሪዎቹን በዚህ ሁለተኛ ቀን ላይ አቆየኋቸው። የተከበረ ሕግ በዐሥር ዓመት ውስጥ ለምን ዳግመኛ ይታወጃል? አዋጁ መደገሙ ሰዎች ተደበላልቀው መኖራቸውን እንዳላቆሙ የሚጠቁም ማስረጃ ነው። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ከለያቸው ሰዎች ውጭ መኖር አይችልም ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ ለተከታታይ ነገሥታት በባሕር ማዶ መልእክተኛነት አገልግሏል። በ1699 ፈረንሳዊውን ሐኪም ሻርል ፖንሴን ወደ ዐፄ ኢያሱ ያመጣው የንጉሡ ወኪል ሐጂ ዓሊ ሙስሊም ነበር። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር፤ ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በሙስሊሞቹ ሰፈር ተቀምጦ፣ ሰፈሩ ሦስት ሺህ ያህል ቤቶች እንዳሉት ጽፏል። ተነጥሎ እንዲቀመጥ የታዘዘው ማኅበረሰብ ራሱን የቻለ የንግድ ከተማ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ንባብ በኋላ ተማሪዎቹን ክርስቲያንና ሙስሊም እያጣመርሁ ወደ አዲስ ዓለም፣ ወደ አቡን ቤትና ወደ እጨጌ ቤት መልሼ ላክኋቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከጎንደር ነዋሪ ከመቶ 84 ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 12 ገደማው ሙስሊም መሆኑ ተመዝግቧል። ቆጠራው ስንት እንደሆኑ ይነግረናል፤ ምን እንደተጋሩና የት ላይ እንደቆሙ ግን መጠየቅ ያለበት ሰው ነው።

አንዲት ተማሪ አንድ አዛውንትን «ከክርስቲያን ጎረቤቶችዎ ጋር እንዴት ነበር የምትኖሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ደኅና ነበርን፣ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። በሌላ ቀን ተመልሳ «ጎረቤትዎ ልጃቸውን ሲድሩ ለእናንተ ማን አረደ?» አለቻቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ባለ ሠርጉ በጉን ከነነፍሱ ይሰጧቸዋል፤ እርሳቸው በራሳቸው ቢላዋ ያርዳሉ፤ ባለቤታቸው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ በሠርጉ ግቢ ለብቻው በተጣለ ዳስ ይበላል። እርሳቸውም በተራቸው ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ድስቱ ተለየ፣ ሠርጉ ግን አንድ ሆነ። የቀብሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እንደ ነገሯት፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ በእድር ይረዳዳሉ፣ መቃብር ግን አይጋሩም። ለብቻው የቆመው ዳስም ሆነ የተለየው መቃብር የዚያው አብሮ የመኖር ብልሃት ክፍሎች ናቸው። ጥንቃቄ የሚሹትም እነዚሁ ወሰኖች ናቸው።

ሦስት ተማሪዎች ከከተማዋ ሰሜን ወደምትገኘው ወለቃ ሄዱ። በ1984 እና በ1991 ከተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከእነርሱም በኋላ በቀጠለው ፍልሰት አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄደዋል። በመንደሯ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶችና ለጎብኚ የሚሸጡ የሸክላ ምስሎች ቀርተዋል። አንደኛው ተማሪ «ምንም የሚጠና የለም» ብሎ ሊመለስ ነበር። ለዘመናት የከተማዋን ማረሻና ገንቦ የሠራ ማኅበረሰብ ከሄደ በኋላ ሥራውን ማን ያዘው፣ ስሙንስ ማን በምን ቃል ያነሣዋል ብሎ እንዲጠይቅ ነገርሁት። የሄዱትን የማይቆጥር የብዝኃነት ጥናት የአሸናፊዎች ዝርዝር ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ውሳኔ ገጠመን። አንድ የከተማዋ ነዋሪ ስለ 2014ቱ ቀናት ለአንድ ተማሪ በሰፊው ነገሩት። በማግስቱ ደውለው ቃላቸው እንዲሰረዝ ለመኑት። ተማሪው «ከጥናቴ ሁሉ የሚበልጠው ምዕራፍ ነው» ብሎ ተከራከረኝ፤ ስማቸውን ለውጠን እናውጣው ሲልም ጠየቀ። በጥቂት ሰዎች ሰፈር ውስጥ ስም መለወጥ ማንንም አይሰውርም። ቅጂውን በፊቴ አጠፋው። በምዕራፉ ቦታ «ተናጋሪው ቃላቸውን አንሥተዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቀረ። እኔ ግን ያ መስመር ባዶ ነው አልልም፤ ስለዚያ ወር መናገር ዛሬም ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ተማሪዎቹ የመጨረሻውን ጥናት ሲያቀርቡ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተለውጦ ነበር። «በጎንደር ሰዎች ተለያይተው እንዲኖሩ ደጋግሞ ታዘዘ፤ ለመኖር ግን ተፈላለጉ። የት እንደተገናኙና የት እንደቆሙ ከዚህ በታች እንዘረዝራለን» ይላል። የእኔንም ጽሑፍ በዚሁ መንገድ አርሜዋለሁ። በመጪው ክረምት ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎችም ከዚያ ዝርዝር ትጀምራላችሁ፤ ገና ያልተጠየቁ ብዙ ቤቶች አሉ።