ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር፤ በአሮጌ የዋጋ መዝገቦች ምስክርነት

በገበያ የሚዘዋወር ገንዘብ ዋጋው በመንግሥት ዐዋጅና በሕዝብ አመኔታ ይጸናል። ከገበያ ወጥቶ በሰብሳቢዎች እጅ የገባ ገንዘብ ግን በሌላ ሚዛን ይመዘናል፤ ይኸውም በብዛቱ ወይም በጥቂትነቱ፣ መልኩ ሳይፋቅ በመቈየቱና በፈላጊዎቹ ቍጥር ነው። ይህን ሁለተኛ ዋጋ የሚያስታውቁት መጻሕፍት የዋጋ መዝገብ ይባላሉ። መዝገቦቹ በየጊዜው ስለሚታደሱ አሮጌው ዕትም እንደማይጠቅም ተቈጥሮ ይጣላል። ለታሪክ መርማሪ ግን አሮጌው ዕትም ዐቢይ ምስክር ነው፤ በታተመበት ዓመት ሰዎች ምን ያውቁ፣ ምንስ ይመኙ እንደ ነበር ያሳያልና። ለዚህም በኢትዮጵያ ሲሠራባቸው የነበሩት ሁለት የብር ገንዘቦች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጠገራ ብር የተባለው የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ዐረፈች፤ ገንዘቡ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ ከሞቷ በኋላ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺሁ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከአሞሌ ጨው ጋራ ጎን ለጎን ይሠራበት ነበር። ተቀባዩ ገንዘቡን ሳይመረምር አይቀበልም፤ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ሉሎች፣ የትከሻዋ ጌጥና ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጐልተው መታየት ነበረባቸው። ፊደላቱ ኤስና ኤፍ፣ በጉንትስቡርግ ገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ገበሬውና ነጋዴው ያልተጻፈ የዋጋ መዝገብ በዐይናቸው ይዘው ይዞሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁሉም ገንዘብ አንድ ዓመት ስለ ተሸከመ፣ የተመታበት ዘመን በቀኑ አይታወቅም። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ መምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ጠገራ ብር ማስመታት ጀመረች። በዚያው ሰሞንና በተከታዮቹ ዓመታት ሎንዶን፣ ፓሪስና ብሩክሴል፣ በኋላም ቦምባይ የየራሳቸውን መቱ። ስለዚህ የዋጋ መዝገብ ጸሐፊዎች የንስሩን የጅራት ላባና የትከሻውን ጌጥ እያስተያዩ የመምቻ ቤቶቹን ሥራ ለመለየት ደከሙ። በ1984 በቪየና የታተመው የዋልተር ሃፍነር መዝገብ የዚህ ድካም ፍሬ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ ገንዘቦች፣ ልዩነታቸው ከታወቀ በኋላ በዋጋ ተለያዩ። ገንዘቦቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዕውቀቱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው በስማቸውና በመልካቸው የተቀረጸ ብር በፓሪስ አስመቱ። የመጀመሪያው ገንዘብ የ1887 ዓ.ም. ቀን ይዞ ወጣ፤ አላድ፣ ሩብና ተሙንም ተከተሉት። የኢትዮጵያን አቈጣጠር የማያውቅ ሰብሳቢ ይህን 1887 እንደ አውሮፓ ዓመት አድርጎ ከቈጠረው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። የምኒልክ ብር በክብደትም ሆነ በንጥርነት ከጠገራው ጋራ እጅግ የተቀራረበ ነበር፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ ርቆ ያለው ሕዝብ የለመደውን ጠገራ መረጠ፤ አዲሱን ገንዘብም ብዙ ጊዜ እንቢ ይል ወይም በቅናሽ ብቻ ይቀበል ነበር።

በሰብሳቢዎች መዝገብ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በኋለኛው ዘመን የተመታው ጠገራ ብር በዓለም ሁሉ ስለ በዛ ዋጋው ከያዘው ጥሬ ብር እምብዛም አይርቅም። የምኒልክ ብር፣ ይልቁንም መልኩ ያልተፋቀው፣ ከዚያ እጅግ በበለጠ ዋጋ ይፈለጋል። በገበያ ቀን ያዋረደው ጥቂትነቱና እንግድነቱ ከገበያ ሲወጣ አከበረው።

የጥሬው ብር ዋጋ መናወጥ ደግሞ ሌላው ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የአንድ ወቄት ጥሬ ብር ዋጋ 1.29 ዶላር ነበር፤ በዚህ ሒሳብ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር 97 ሳንቲም ያህል ያወጣል። በጥር 1980 ወቄቱ ወደ 50 ዶላር ሲቀርብ ያው ብር ወደ 37 ዶላር ተጠጋ፤ በ1982 አጋማሽ ወቄቱ ወደ 5 ዶላር ሲወርድ ወደ 4 ዶላር ገደማ ተመለሰ። እንግዲህ የ1980ን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ስለ ገንዘቡ ክብር የሚፈርደው ፍርድ በጥሬ ብር ገበያ ላይ የተፈረደ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ድንገተኛ ግኝትም ዋጋን ይለውጣል። የአክሱም ነገሥታትን ገንዘብ አርቱሮ አንዛኒ በ1926 በሰፊው መዝግቦ ነበር። ኋላ በ1977 በደቡብ የመን በአልመዳሪባ 1,194 የወርቅ ገንዘብ ተገኘ፤ ከዚህም 868ቱ የሮማ፣ 326ቱ የአክሱም ነበሩ። እንዲህ ያለ መዝገበ ወርቅ ከመሬት ሲወጣ ቀድሞ ብርቅ የነበረው ዐይነት ብርቅነቱ ይቀንሳል፤ ለታሪክ ግን የባሕር ማዶውን ግንኙነት ማስረጃ ያበዛል።

ስለዚህ መርማሪ አንድን ዕትም ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ዕትሞችን ማስተያየት አለበት። የዮማን የዓለም ገንዘብ መዝገብ በ1957፣ የክራውዝና የሚሽለር በ1972 መታተም ጀምረዋል። እነዚህ ግን ሻጭ የሚጠይቀውን ወይም አዘጋጁ የገመተውን ዋጋ ይነግራሉ። ገዢው በእርግጥ የከፈለው በሐራጅ ዝርዝሮች ይገኛል፤ በድሮዎቹ ዝርዝሮች ኅዳግ ላይ ተጫራቾች በእርሳስ የጻፉት ቍጥር ብዙ ጊዜ ከታተመው ግምት የበለጠ ይታመናል። እነዚህን የሚያገኘው በመጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ሳይሆን በቤተ መዘክሮችና በ1858 እንደ ተቋቋመው የአሜሪካ የመሐለቅ ጥናት ማኅበር ባሉት አብያተ መጻሕፍት ነው።

በመጨረሻም መዝገቡ የማይቈጥረው ዋጋ አለ። ተበስቶ በአንገት የተንጠለጠለ ወይም ቀለበት የተበየደበት ጠገራ በሰብሳቢ ዘንድ የተበላሸ ነው፤ ለሕዝብ ባህል መርማሪ ግን ቀዳዳው ራሱ ጽሑፍ ነው፤ ገንዘቡ ጌጥና የቤተ ሰብ ጥሪት ሆኖ እንደ ኖረ ይመሰክራልና። ብር ሠሪው ያቀለጠው ይህን ምስክርነት ያጣል። እንዲሁም ከአክሱም መሬት ወጥቶ የተገኘበት ስፍራ ሳይመዘገብ የተሸጠ ወርቅ፣ በመዝገቡ ዋጋው ቢጻፍም ታሪኩ ተቈርጦ ቀርቷል። ኢትዮጵያ በ1966 ባወጣችው የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ፣ ኋላም በ2000 ባወጣችው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ዐዋጅ፣ ይህ ጉዳት እንዳይደርስ ለመከላከል ተሞክሯል። የገንዘቡ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሊወድቅና ሊነሣ ይችላል፤ የተገኘበት ስፍራ አንድ ጊዜ ከተረሳ ግን በማናቸውም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም።