ከጎጇችን ምሰሶ እስከ ባግዳድ

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ልጆቻችን የጂኦሜትሪ ደብተራቸውን ሲገልጡ አንዳንዶቻችን «ይህ ለሱቅ ምን ያደርጋል? የፈረንጅ ትምህርት ነው» እንላለን። ዛሬ ይህን አባባላችንን በታሪክ ሚዛን እናስቀምጠው።

ከጎጇችን እንነሳ። የጉራጌ ክብ ቤት ሲሠራ ምሰሶው መሐል ይቆማል፤ ግድግዳው በዙሪያው ይተከላል። ከምሰሶው አናት ወደ ግድግዳው ራስ የሚወርዱት ወራጆች ርዝመታቸው እኩል ነው። ለምን? ከግድግዳው ራስ በላይ ያለው የምሰሶው ቁመት ለሁሉም አንድ ነው። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል ነው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ስለቆመ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘንም በሁሉም በኩል 90 ዲግሪ ነው። ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ከሆኑ ጎነ ሦስቶቹ ልክ በልክ ይገጥማሉ፤ ሦስተኛው ጎን፣ ማለትም ወራጁ፣ የግድ እኩል ይሆናል።

አናጢዎቻችን በልምድ የሚያውቁትን ይህን ነገር በማስረጃ አስደግፎ ያስተማረው፣ ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ የነበረው ግሪካዊው ኡቅሊዲስ ነው። መጽሐፉን በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን (እ.ኤ.አ. 786–809) አል-ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ ኢብኑ መጠር ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ ለአል-መእሙንም ደግሞ አዘጋጀው። በኋላም ክርስቲያኑ ኢስሐቅ ኢብኑ ሑነይን እንደገና ተረጎመው፤ ሳቢኢው ሳቢት ኢብኑ ቁራህም አረመው።

ሙስሊም ሊቃውንት በትርጉም ብቻ አልቆሙም። የበስራው ኢብኑል ሀይሰም የኡቅሊዲስን መነሻዎች መረመረ፤ ስለ ትይዩ መስመሮች ሲያስረዳም መስመርን በማንቀሳቀስ ተጠቀመ። ዑመር አል-ኻይያም (1048–1131) ግን እንቅስቃሴ በጂኦሜትሪ ማስረጃ ውስጥ ቦታ የለውም ሲል ተቃወመው። ጥያቄው የኛንም ጎነ ሦስት ይነካል፤ ኡቅሊዲስ ራሱ መገጣጠማቸውን ያስረዳው አንዱን ጎነ ሦስት በሌላው ላይ በማነባበር ነበርና።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው አደላርድ መጽሐፉን ወደ ላቲን የመለሰው ከዐረብኛ ነው። እንግዲህ «የፈረንጅ» ያልነው ትምህርት ወደ ፈረንጅ የሄደው በባግዳድ በኩል ነው!

ይህን ስንል ግን «የኛ ፈጠራ ነው» እያልን እንዳንታበይ። ቀደምቶቻችን ዕውቀቱን ከግሪክ ሲወስዱ የባለቤቱን ስም አልደበቁም። ዕውቀት አማና ነው፤ ተቀበሉት፣ መረመሩት፣ አስተላለፉት። እኛስ? ልጃችን ወይም ሴት ልጃችን ማታ «ለምን እኩል ሆኑ?» ብላ ስትጠይቅ «ተይው» ካልናት ያ ሰንሰለት የሚበጠሰው በኛ ቤት ነው። ባናውቀው እንኳ አብረናት ወደ ጣሪያው ቀና እንበል፤ ወራጆቹን እንቁጠር።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።